ለነርስ ታሪክ ምኗ ነው?

ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ ያላቸው ወላጆች በለቅሶ ቤትም ሆነ በዕድር ስብሰባ ሲገናኙ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። «ልጄ ነርስ እሆናለሁ ብላ ነው የሄደችው። ታሪክና አንትሮፖሎጂ ያስተምሯታል አሉ። ለነርስ ታሪክ ምኗ ነው?» ይላሉ እናት። አባት ደግሞ መሐንዲስ ሊሆን የገባው ልጃቸው ስለ ሎጂክ ሲያወራ ሰምተው፣ «ይሄ እንግዲህ የባከነ ዓመት ነው» ይላሉ።

ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ፍሬሽማን የሚባለው ይህ ዓመት ሲጨመር የሦስት ዓመቱ ዲግሪ አራት ዓመት ሆኗል። አንድ ዓመት ማለት ለወላጅ የአንድ ዓመት የትራንስፖርት፣ የልብስ፣ የደብተርና የኪስ ገንዘብ ነው። ለልጁም በወጪ መጋራት ውሉ ላይ የሚደመር ዕዳ ነው። እዚህ ወላይታ ውስጥ መሬት ጠባብ ነው። ለወንድማማቾች ሲካፈል ለአንዱ የጓሮ እንሰት ብቻ የሚደርስበት ቤት ብዙ ነው። ለእንዲህ ያለው ቤተሰብ የልጅ ትምህርት ውርስ ማለት ነው። በሬ ሸጦ ልጁን የላከ አባት እያንዳንዱን ወር ቢቆጥር አይፈረድበትም።

እኔ ግን ዓመቱ አልባከነም ባይ ነኝ። ለምን እንደምል ከማስረዳቴ በፊት፣ ይህ ትምህርት ከየት እንደ መጣ፣ ለምን ጠፍቶ እንደ ተመለሰ ባጭሩ እንይ።

በአገራችን ዘመናዊ የከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው በ1943 ዓ.ም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራውን የሰጡት ለካናዳውያን ኢየሱሳውያን ካህናት ነበር፤ የኮሌጁም የመጀመሪያ ኃላፊ አባ ሉሲየን ማት ነበሩ። ካህናቱ ሃይማኖታቸውን እንዳይሰብኩ ተስማምተው፣ የክህነት ልብሳቸውን ትተው በሲቪል ልብስ ነበር የሚያስተምሩት። በኢየሱሳውያን የማስተማር ልማድ ተማሪ ወደ ሙያው ከመግባቱ በፊት ቋንቋ፣ ታሪክና ፍልስፍና መቅመስ አለበት። ከመምህራኑ አንዱ ክላውድ ሰምነር በ1940ዎቹ አጋማሽ መጥተው ፍልስፍና ሲያስተምሩ፣ የኢትዮጵያንም የፍልስፍና ጽሑፎች ሲመረምሩና ሲያሳትሙ ኖረው በ2004 ዓ.ም አረፉ።

በ1954 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥቱ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ሰጥተው ኮሌጆቹ በአንድነት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲሆኑም የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን መሆኑ ቀጠለ። አያቶች እንደምታስታውሱት ያ ዓመት ማንገዋለያም ነበር። ማትሪክ አልፎ በእልልታ የተሸኘ ልጅ በመጀመሪያው ሴሚስተር ነጥቡ ሳይሞላ ቀርቶ ሻንጣውን ይዞ የሚመለስበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ «ፍሬሽማን» የሚለው ቃል በብዙ ቤት ከፍርሃት ጋር ነው የሚታወሰው።

ደርግ ሲመጣ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ የሆነው ትምህርት መልኩን ለወጠ። የዩኒቨርሲቲ ጀማሪዎች የማርክሲዝም ሌኒኒዝም ፍልስፍናና ፖለቲካል ኢኮኖሚ ይማሩ ጀመር። እኔ የነርስነት ዲፕሎማዬን በተማርኩበት ዘመን እኛም ከአናቶሚውና ከመድኃኒት ትምህርቱ ጎን የፖለቲካ ትምህርት ሰዓት ነበረን። የዚያ ሰዓት ጠባይ አይረሳኝም። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስለነበር ከተማሪ የሚጠበቀው መድገም ብቻ ነበር።

ከ1983 ዓ.ም በኋላ ማርክሲዝሙ ወጥቶ ሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር ገባ። ያም ለሁሉም ግዴታ ነበር፤ ስለ ሕገ መንግሥቱ፣ ስለ ፌዴራል ሥርዓቱና ስለ መልካም ዜጋ ያስተምራል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በየዘመኑ ያለው መንግሥት ወጣቱ ስለ ሰውና ስለ አገር እንዲያስብ የሚፈልገውን የሚያስቀምጠው በዚህ ለሁሉም በሚሰጠው ትምህርት ውስጥ ነው። የአናቶሚ መጽሐፍ በመንግሥት ለውጥ አይቀየርም፤ ይሄኛው ግን ይቀየራል። ስለዚህ ነው ወላጅ «የማይረባ ትምህርት ነው» ብሎ ማለፍ የሌለበት። መንግሥታት ሁሉ ዋጋውን ያወቁለትን ነገር እኛ ብቻ ለምን እንንቀው?

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ማሳጠር ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አጠቃላይ ትምህርት በ10ኛ ክፍል እንዲያበቃ፣ 11ኛና 12ኛ ደግሞ መሰናዶ እንዲሆን አደረገ። ፍሬሽማን ላይ ይሰጥ የነበረው ወደ መሰናዶ ወርዷል ተብሎ፣ ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍላቸው ሄዱ፤ ብዙው ዲግሪም ሦስት ዓመት ሆነ። እንግሊዝኛ፣ ሥነ ዜጋና ሎጂክ እዚህም እዚያም ቢቀሩም ለብቻው የቆመ የጋራ ዓመት አልነበረም። የእኛው ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ፍሬሽማን የሚባለው ነገር ቀድሞ ጠፍቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከዚያ ግቢ የተመረቁ ልጆቻችን አያውቁትም።

በመሰናዶ ደግሞ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ታሪክና ጂኦግራፊ አይማርም ነበር። ስለዚህ ሐኪም፣ ነርስ ወይም መሐንዲስ የሚሆን ልጅ የአገሩን ታሪክ ለመጨረሻ ጊዜ በክፍል ውስጥ ያነበበው 10ኛ ክፍል ላይ፣ በ16 ዓመቱ ገደማ ነበር ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ስለ አገሩም ስለ ጎረቤቱም የሚያውቀው ከፌስቡክና ከቲክቶክ የለቀመውን ይሆን ነበር።

በ2010 ዓ.ም ለውይይት የቀረበው የትምህርት ፍኖተ ካርታ ይህንኑ ጉድለት አነሣ። ምሩቃን ሙያቸውን ቢይዙም ሐሳባቸውን የመግለጽ፣ የማመዛዘንና ከሌላው ጋር የመኖር ችሎታቸው ደካማ ነው ተባለ። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም ፍሬሽማን ተመለሰ። ከእንግሊዝኛ፣ ከሒሳብና ከሥነ ልቦና ጋር ሎጂክ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ፣ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የሞራልና የዜግነት ትምህርት፣ አካታችነት፣ ስለ ዓለም ሁኔታ የሚያወሳ ኮርስና ሌሎችም ተካተቱ።

ያ ዓመት እንዴት ያለ ዓመት እንደነበረ ወላጆች አትረሱትም። ኅዳር ላይ በአንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በብሔር ምክንያት በተነሣ ግጭት የተማሪ ሕይወት ጠፋ። ብዙ ልጅ ግቢውን ጥሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። መጋቢት ላይ ደግሞ ኮሮና ገባና ዩኒቨርሲቲዎች ተዘጉ። አዲሱን ፍሬሽማን የጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ልጆች ሞጁላቸውን ሳይጨርሱ ተበተኑ። አብሮ ስለ መኖር የሚያስተምረው ኮርስ የተጀመረው፣ አብሮ መኖር ራሱ በዶርም ውስጥ በተፈተነበት ሰዓት ነበር።

ይህ ግጥምጥሞሽ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። ኒው ዮርክ የሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ዘመኑ ሥልጣኔ የሚያጠና የግዴታ ኮርስ ለጀማሪ ተማሪዎቹ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1919፣ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት እንዳበቃ ነው። ኮርሱ የተወለደው በጦርነቱ ጊዜ ስለ ጦርነቱ ምክንያቶች ከተሰጠ ትምህርት ነው። ኋላም ስለ ሰላም የሚጠይቅ ትምህርት ይኑር ተባለ። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ዛሬም ሐኪም መሆን የሚፈልገውም የሒሳብ ሊቅ መሆን የሚፈልገውም በግዴታ ይወስደዋል። ሰዎች እርስ በርስ ሲጋደሉ ያየ አገር «ልጆቻችን ምን ሳይማሩ ቀሩ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አሁን ወደ እናትየዋ ጥያቄ ልመለስ፤ ለነርስ ታሪክ ምኗ ነው? ሙያዬ ስለሆነ ከማውቀው ልመልስ።

የወላይታ ሰው የእግር ዝሆኔን ያውቀዋል። በሕክምና ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት የሚሄድ ሰው፣ የአፈሩ ረቂቅ ብናኝ በቆዳው ገብቶ እግሩን ያሳብጠዋል። ከ20 ዓመት በፊት በወላይታ በተደረገ ጥናት ከ100 ሰው ከ5 በላይ በሆኑት ላይ ተገኝቷል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ጫማ ማድረግ ይከላከለዋል፤ የያዘውም ሰው እግሩን በየቀኑ በሳሙና እየታጠበ፣ ቅባት እየቀባ፣ ካልሲና ጫማ እያደረገ ብዙ ሊሻለው ይችላል። ይህንን ለማወቅ የነርስነት ትምህርት ይበቃል።

ሕመምተኛው የሚጎዳው ግን በእግሩ ብቻ አይደለም። ጎረቤት «ይጋባብናል» ብሎ ይሸሸዋል። «የዘር ነው፣ እርግማን ነው» ተብሎ እህቱ ባል ታጣለች። ቤተ ክርስቲያን ከኋላ ይቀመጣል፣ ዕድር ላይ አይናገርም። ስላፈረ ወደ ጤና ጣቢያ አይመጣም፤ ስላልመጣ እግሩ ይብሳል። ነርሷ ሳሙናና ቅባት ብቻ ይዛ ብትቀመጥ የምታክመው አይመጣላትም። ሰዎች ንጹሕ የሚሉትና የሚርቁት ምን እንደሆነ፣ ነውር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አለባት። ይህ የአንትሮፖሎጂና የአካታችነት ኮርስ ጉዳይ ነው። በእኛው አካባቢ ሸክላ ከሚሠሩና ቆዳ ከሚያለፉ ቤተሰቦች ጋር መብላትና መጋባት ነውር ሆኖ መኖሩን ማን ያጣዋል? በአንድ ጤና ጣቢያ ስሠራ አንዲት ወላድ አጠገቧ ያለችው የሸክላ ሠሪ ሚስት መሆኗን ሰምታ አልጋ ቀይሩልኝ ስትል አይቻለሁ። ነርሷ እንዲህ ያለውን ነገር ከልጅነቷ ለምዳው ከሆነ አልጋውን ትቀይራለች፤ ተምራበት ከሆነ ግን ምን እንደምትል ታውቃለች።

ሎጂክስ? እናት ልጇን አስከትባ ወደ ቤት ትመለሳለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጁ ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። «ክትባቱ ነው ያመመው፣ ከዚያ ወዲህ ነው» ትላለች። ከአንድ ነገር በኋላ የመጣ ሁሉ በዚያ ነገር ምክንያት የመጣ አይደለም። ይህ በሎጂክ ሞጁል ውስጥ ስም ተሰጥቶት፣ ከሌሎች የአስተሳሰብ ስሕተቶች ጋር ተዘርዝሮ የሚጠና ነው። ነርሷ ይህንን ካጠናች እናቲቱን አትሳደብም። ውሃው ከየት እንደሚቀዳ፣ ልጁ ምን እንደበላ፣ ቤት ውስጥ ሌላ የታመመ ካለ ትጠይቃታለች። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ የሚባለው ለሁለቱም ነው።

ታሪክ ደግሞ ነርስ የምታክማቸው ሰዎች ማን እንደሆኑ ይነግራታል። የኢትዮጵያና የቀንዱ ታሪክ ሞጁል ከሰው ልጅ አመጣጥ ተነሥቶ እስከ 1987 ዓ.ም ይደርሳል። የዳሞት መንግሥትና ንጉሡ ሞቶሎሚ ይነሣሉ። የወላይታ ካዎዎች በዚያ ሰፊ ታሪክ ውስጥ ቦታ አላቸው። በ1887 ዓ.ም ንጉሥ ጦና ከአፄ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ያደረጉት ከባድ ጦርነትም የዚሁ ታሪክ ክፍል ነው። ይህንን ከወላይታ የመጣው ልጅ፣ ከጎጃም የመጣው ልጅና ከወለጋ የመጣችው ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው ነው የሚያነቡት። አንዱ ቤቱ የሰማው አንድ ነው፣ ሌላው የሰማው ሌላ። መምህሩ መሐል ቆሞ ማስረጃ ሲጠይቅ ሁለቱም ይማራሉ። ወደ ሙያቸው ከተበታተኑ በኋላ ይህንን የሚያገኙበት ሌላ ክፍል የለም።

ሁሉም ነገር ደኅና ነው ማለቴ አይደለም። የታሪክ ሞጁሉ ረቂቅ ብዙ ክርክር አስነሥቶ ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው ክፍል የደረሰው። አንዳንዱ ወላጅ ይህንን ሰምቶ «የሚያጣላ ከሆነ ለምን አይቀርም?» ይላል። እኛ ሶዶዎች ግን በመጽሐፍ ምክንያት ምን ሊመጣ እንደሚችል ከማንም በላይ እናውቃለን። በ1991 ዓ.ም የወላይታን፣ የጋሞን፣ የጎፋንና የዳውሮን ቋንቋዎች ቀላቅሎ «ወጋጎዳ» በሚል የተዘጋጀ የመማሪያ መጽሐፍ ወደ ትምህርት ቤቶቻችን መጣ። ሕዝቡ ሳይጠየቅ ነበር የመጣው። ተማሪና መምህር አደባባይ ወጡ፤ ሰው ሞተ፣ ሰው ቆሰለ፣ ብዙዎች ታሰሩ። በመጨረሻ መጽሐፉ ተነሣ፤ ወላይታም በ1993 ዓ.ም ራሱን የቻለ ዞን ሆነ።

ከዚያ የተማርነው መጽሐፍ ይቅር የሚል አይደለም። ለልጆች የሚሰጥ መጽሐፍ ሰው ሊመክርበት፣ ሊከራከርበት ይገባል የሚል ነው። በረቂቅ ላይ መከራከር በአደባባይ ደም ከመፍሰስ ይሻላል። የታሪክ ሞጁል ዘግይቶ ቢመጣ፣ በየጊዜውም ቢታረም አይክፋን። የሚያስፈራው አንድም ሰው የማይጠይቅበት ሞጁል ነው፤ እኔ በተማሪነቴ የነበረን የፖለቲካ ሰዓት እንደዚያ ነበር።

እንግዲህ ወላጅና አያት ምን እናድርግ? ጥቂት ነገር ልጠቁም።

አንደኛ፣ «የጋራ ኮርስ ነው፣ እለፈው» አንበላቸው። ወደ ትምህርት ክፍል ሲመደቡ የፍሬሽማን ውጤታቸው ይቆጠራል። ሕክምና ወይም ሌላ ብዙ ፈላጊ ያለው ክፍል የሚመኝ ልጅ አንትሮፖሎጂን ንቆ ቢያገኛት በምትባል ነጥብ ካለፈ፣ ያቺ ነጥብ ምርጫውን ልታሳጣው ትችላለች። ዝቅተኛውን ነጥብ ያላመጣማ ከግቢ ይሰናበታል።

ሁለተኛ፣ ሞጁሎቹ በእንግሊዝኛ የተጻፉ ናቸው፤ ልጆቹም በቴሌግራም ተቀባብለው በስልካቸው ይዘዋቸዋል። ልጁ ሲደውል «በላህ ወይ? ብር አለህ ወይ?» ከማለት ጋር «በዚህ ሳምንት ምን ተማርክ? በወላይታትኛ ንገረኝ፣ በአማርኛ ንገረኝ» እንበል። እኛ ነርሶች ለሕመምተኛ መድኃኒት ስንሰጥ «እንዴት እንደምትወስደው መልሰህ ንገረኝ» እንላለን። መልሶ መናገር ያልቻለ አልገባውም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሸመደደውን በቋንቋው ለአያቱ ማስረዳት የቻለ ልጅ ለፈተናም ለኑሮም ገብቶታል።

ሦስተኛ፣ ከሞጁሉ የተለየ የምናውቀው ካለ እንንገራቸው፤ ግን ለመጣላት አይሁን። አያት ስለ ንጉሥ ጦና ከአባታቸው የሰሙት ከመጽሐፉ ጋር ባይገጥም፣ «መጽሐፉ ውሸት ነው» ብለው አይዝጉት። «እኔ የሰማሁት እንዲህ ነው፤ መምህርህን ጠይቀው» ይበሉ። ልጁ ጥያቄውን ይዞ ክፍል ይግባ። ከዶርም ጓደኛውም የእሱ አያት ምን እንዳሉት ይስማ።

አራተኛ፣ ግቢ ውስጥ ነገር በረድ ሳይል ሲቀር ከሁሉ በፊት የልጃችን ደኅንነት ነው፤ ይህን ማንም አይከራከረንም። ግን በስልክ የምንናገራትን ቃል እንምረጥ። «ከእነ እገሌ ጋር አትቀመጥ» የምትል አንዲት የወላጅ ቃል የአንድ ሴሚስተር ትምህርት ታፈርሳለች።

የልጅ ልጅ ያላችሁ ደግሞ ለጊፋታም ሆነ ለገና ዕረፍት ቤት ሲመጡ አጠገባችሁ አስቀምጧቸው። ስለ ደመወዝና ስለ ሥራ የሚጠይቃቸው ሰው አያጡም። እናንተ ስለ ታሪኩና ስለ ሎጂኩ ጠይቋቸው። ነርስ የምትሆነዋ ልጅ ነገ የምትሠራው ምናልባት ቋንቋውን በማታውቀው፣ ልማዱን ባላየችው ወረዳ ነው። መርፌ መውጋት በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ያስተምሯታል። የምትወጋው ሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ የምትጀምረው ግን በዚህ በመጀመሪያው ዓመት ነው።